ፔሩ፦ 44 ሰው ያጣ ፕሬዚዳንት

ፔሩ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሆኖ ለመመረጥ የሚሊዮኖች ድምፅ ያስፈልጋል። ተመርጦ ወንበሩ ላይ ለመቆየት ግን 44 ሰው ይበቃል። ጣጣው እነዚህን 44 ሰዎች ማግኘቱ ላይ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አገሪቱ ከ2011 እስከ ጁላይ 2026 የምታውቀው ኮንግረስ (ፓርላማዋ ማለት ነው) 130 መቀመጫ ያለው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፕሬዚዳንቱን ለማውረድ ከ130ው ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 87ቱ መስማማት አለባቸው። ስለዚህ 44 ሰው እምቢ ካለ፣ ወይም ድምፅ ሲሰጥ ሻይ ሊጠጣ ውጭ ከወጣ፣ ፕሬዚዳንቱ ያድራሉ። 44 ሰው ከሌላቸው ግን ነገሩ በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ከጁላይ 2016 እስከ ፌብሩዋሪ 2026 ድረስ በዚህ ወንበር ላይ 8 ሰዎች ተቀምጠዋል። ከስምንቱ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ያሸነፉት ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት ወይ ምክትል የነበሩ ወይ ከኮንግረሱ አመራር የመጡ ናቸው። አንደኛው የቆዩት 5 ቀን ነው። ዜናውን ከሩቅ የሚሰማ ሰው "ሌባ ሄደ፣ ሌባ መጣ" ብሎ ያልፈዋል። ሌብነቱ አለ፣ አልክድም። ግን ሰው በተቀየረ ቁጥር ያው ነገር ከተደጋገመ፣ ከተቀማጩ ይልቅ የወንበሩን እግር ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

የፔሩ ሥርዓት ድቅል ነው። እንደ አሜሪካ ፕሬዚዳንት አለ፤ እሱንም ሕዝብ በቀጥታ ይመርጠዋል። ዘመኑ 5 ዓመት ነው፤ ተከታትሎ ሁለት ጊዜ መመረጥ አይቻልም። ከዚህ ጎን ደግሞ እንደ አውሮፓ አገሮች የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢ አለ። ፔሩዎች "ፕሪሚየር" ይሉታል። "ጠቅላይ ሚኒስትር" ብለን ብንተረጉመው የእኛው ዓይነት ይመስላል፤ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከፓርላማ ይወጣል፣ የመንግሥቱም አውራ እሱ ነው። የፔሩን ፕሪሚየር የሚሾመውም የሚያባርረውም ፕሬዚዳንቱ ነው። ሥራው ካቢኔውን ማስተባበር ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ለፕሬዚዳንቱ የተሰነዘረውን ዱላ ቀድሞ መቀበል ነው።

ሁለቱን ሥርዓት መቀላቀሉ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ሕገ መንግሥቱ ለሁለቱም ወገን ሽጉጥ አስታጥቆ አንድ ክፍል ውስጥ መቆለፉ ነው።

የፕሬዚዳንቱ ሽጉጥ ኮንግረሱን መበተን ነው። ኮንግረሱ ለሁለት ካቢኔዎች የመተማመኛ ድምፅ ከነፈገ፣ ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን ዘግቶ በ4 ወር ውስጥ ምርጫ መጥራት ይችላል። በዘመኑ የመጨረሻ ዓመት ግን ይህ አይፈቀድለትም።

የኮንግረሱ ሽጉጥ "ቫካንሲያ" ይባላል። ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ ማወጅ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 113 ወንበሩ ባዶ የሚሆንባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ፕሬዚዳንቱ ከሞተ። ለቀቅሁ ብሎ ኮንግረሱ ከተቀበለው። ያለ ፈቃድ ከአገር ከወጣ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይጣላም። ከዚያ ግን "ቋሚ የአካል ወይም የሞራል ብቃት ማጣት" የምትል ሐረግ አለች።

የሞራል ብቃት ምንድን ነው? ሕጉ አይናገርም። ሐረጓ የመጣችው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕገ መንግሥቶች ነው። በዚያ ዘመን "ሞራል" የሚለው ቃል ከአካል ሌላ ያለውን፣ አእምሮን ጭምር ይመለከት ነበር የሚሉ የሕግ ሰዎች ብዙ ናቸው። አእምሮው የታመመ መሪ አገር እንዳያጠፋ የተቀመጠች መድኅን ነበረች ማለት ነው። ዛሬ ትርጉሟ ያደረው በ87 ሰዎች እጅ ነው። ፍርድ ቤት መሄድ የለ፣ ጥፋተኛ መባል የለ። 87 ሰው "ሞራል የለውም" ካለ፣ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። አንቀጽ 117 ፕሬዚዳንት በሥልጣን ላይ እያለ የሚከሰስባቸውን ጥፋቶች በጣም ጥቂት አድርጓቸዋል። አገር መክዳት፣ ምርጫ ማደናቀፍ፣ ኮንግረሱን ያለ ሕግ መበተን፣ ይህን የመሰሉ። ጉቦ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ጉቦ በላ ተብሎ ቢጠረጠር፣ በሥርዓት የሚከሰስበት በር ዝግ ነው። በሩ ከተዘጋ ሰው በመስኮት ይገባል። "የሞራል ብቃት" መስኮቷ ናት። ጉቦውም፣ ውሸቱም፣ የፖለቲካ ቂሙም በዚያችው ይገባሉ።

ይህን ሕገ መንግሥት ማን ጻፈው? ኤፕሪል 5 ቀን 1992 ፕሬዚዳንት አልቤርቶ ፉጂሞሪ ታንክ አውጥተው ኮንግረሱን ዘጉ። በላቲን አሜሪካ "አውቶጎልፔ" ይሉታል፤ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ራሱ የሚያካሂደው መፈንቅለ መንግሥት። ያኔ አገሪቱ ሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ነበሯት። በ1993 በፉጂሞሪ ወገን አብላጫ የተጻፈው አዲሱ ሕገ መንግሥት ሁለቱን አጥፎ አንድ አደረጋቸው። አንድ ምክር ቤት ለጠንካራ መሪ ይመቻል፤ የሚያሸንፈው አንድ ቤት ብቻ ነዋ። መሪው የደከመ ቀን ግን የሚያወርደውም ያው አንድ ቤት ነው፤ ሌላ ቦታ ሄዶ "እስቲ እንደገና ተመልከቱልኝ" አይልም።

ፉጂሞሪ ራሳቸው ቀመሱት። በ2000 የጉቦ ቪዲዮ ሲወጣ ከጊዜ በኋላ ወደ ጃፓን ሄዱ፤ ከቶኪዮ ሆነው የመልቀቂያ ደብዳቤ በፋክስ ላኩ። ኮንግረሱ "መልቀቅህን አንቀበልም፣ እኛው እናባርርሃለን" አለ። ያባረራቸውም የሞራል ብቃት የላቸውም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺ ሐረግ ለ17 ዓመታት ያህል መሳቢያ ውስጥ ተኛች።

ከመሳቢያው ያወጣት የ2016 ምርጫ ነው። ፔድሮ ፓብሎ ኩቺንስኪ በጠባብ ልዩነት የፉጂሞሪን ልጅ ኬይኮን አሸነፉ። በኮንግረሱ ግን ፓርቲያቸው ያገኘው 18 መቀመጫ ነበር። የኬይኮ ፓርቲ 73 ያዘ። አሁን ወደዚያች 44 እንመለስ። ሰውዬው 44 የላቸውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በብድር ነው የኖሩት።

በዲሴምበር 2017 ከኦዴብሬሽት ጋር ተያይዞ የመጀመሪያው ቫካንሲያ መጣባቸው። ኦዴብሬሽት በላቲን አሜሪካ ለባለሥልጣናት ጉቦ ሲያድል የተያዘ የብራዚል የግንባታ ኩባንያ ነው። ወደ 80 የሚጠጋ ድምፅ ወጣ፤ 87 አልሞላም። ያዳኗቸው የኬይኮ ወንድም ኬንጂና ጓደኞቹ ናቸው፤ ከእህቱ ፓርቲ አፈንግጠው። ከ3 ቀን በኋላ፣ በገና ዋዜማ፣ ፕሬዚዳንቱ እስር ላይ ለነበሩት ለአባትየው ለፉጂሞሪ ምሕረት ሰጡ። አጋጣሚ ነው ያለ ብዙም አልነበረም። በማርች 2018 ድምፅ ለማግኘት ውለታ ሲደራደሩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ወጡ። ኩቺንስኪ ሁለተኛው ድምፅ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ለቀቁ።

ምክትላቸው ማርቲን ቪዝካራ ተተኩ። እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ሽጉጥ ተኮሱ። ኮንግረሱ በ2017 ለአንድ ካቢኔ መተማመኛ ነፍጎ ነበር፤ ያ አንድ ሆኖ ተቆጠረ። በሴፕቴምበር 2019 ቪዝካራ ስለ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኞች አመራረጥ የመተማመኛ ጥያቄ አቀረቡ። ኮንግረሱ ለጥያቄው መልስ ሳይሰጥ ዳኛ ወደ መምረጡ ገባ። ፕሬዚዳንቱ "በአፋችሁ ባትሉትም በሥራችሁ ነፍጋችሁኛል፤ ይኸው ሁለት ሞላ" አሉና ሴፕቴምበር 30 ምክር ቤቱን በተኑት። ኮንግረሱም በፋንታው ቪዝካራን አገድኩ ብሎ ምክትላቸውን መርሴዴስ አራኦስን አስማለ። ለአንድ ሌሊት ፔሩ ሁለት ፕሬዚዳንት ነበራት። የጦሩና የፖሊስ አዛዦች ከቪዝካራ ጋር ተቀምጠው ፎቶ ተነሱ፣ ነገሩ ለየለት። አራኦስ በማግሥቱ ለቀቁ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም ከወራት በኋላ 4 ለ3 በሆነ ድምፅ መበተኑ ልክ ነው አለ። በአንድ ዳኛ ልዩነት!

ቪዝካራ በሕዝብ ዘንድ ተወዳጅ ነበሩ። ግን በቀጣዩ የኮንግረስ ምርጫ የራሳቸውን ሰዎች አላወዳደሩም። በአዲሱ ምክር ቤት የራሳቸው የሚሉት አንድም ሰው አልነበራቸውም። በኖቬምበር 2020 ኮቪድ አገሪቱን እያጨደ ሳለ፣ ክልል በሚያስተዳድሩበት ጊዜ ጉቦ ተቀብለዋል በሚል ክስ በ105 ድምፅ ወረዱ። ምክትል አልነበረም። ስለዚህ በሕጉ መሠረት የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት ማኑዌል ሜሪኖ ወንበሩን ያዙ። ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ሁለት ወጣቶች ሞቱ። ሜሪኖ በ5 ቀናቸው ሄዱ። ፍራንሲስኮ ሳጋስቲ ተመርጠው እስከ ጁላይ 2021 አደረሱት።

ከዚያ የካስቲዮ ነገር መጣ። ፔድሮ ካስቲዮ ከካሃማርካ ገጠር የመጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፊ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አያወርዱም ነበር። በመጀመሪያው ዙር 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ ይዘው አንደኛ ወጡ። ልብ በሉ፣ አንደኛ የወጣው ሰው ከአምስት መራጭ የአንዱን እንኳ ድምፅ አላገኘም። ኬይኮ ፉጂሞሪ 13 በመቶ ይዘው ሁለተኛ ሆኑ። ሁለተኛውን ዙር ካስቲዮ ያሸነፉት በ44 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው። በዚያው ምርጫ 10 ፓርቲዎች ኮንግረስ ገቡ፤ የእሳቸው ፓርቲ 37 መቀመጫ አገኘ። 7 ጎደላቸው።

የበሽታው ሥር እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ፔሩ ውስጥ ፓርቲ ማለት ብዙ ጊዜ ለአንድ ምርጫ የሚከራይ ታክሲ ነው። ተሳፋሪው ሲደርስ ይወርዳል። የምክር ቤት አባሉ የፓርቲ ታማኝነት የለበትም። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሕዝበ ውሳኔ ተከታትሎ መመረጥ ስለተከለከለ፣ ተመልሶ መራጩን የሚያፍርበት ምክንያትም አልነበረውም። ሁለት ዙር ምርጫ ለፕሬዚዳንቱ 50 በመቶ ያበድረዋል። ኮንግረሱ ግን የሚመረጠው በመጀመሪያው ዙር ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ሁለተኛው ዙር ላይ ባገኘው ድምፅ ሲኮራ፣ የምክር ቤት መቀመጫው በመጀመሪያው ዙር ድህነቱ ልክ ተሰፍቶ ቀርቷል።

ካስቲዮ በ16 ወር 5 ፕሪሚየር ቀያየሩ። ሁለት ቫካንሲያ አለፉ። ሦስተኛው ሊታይ በተቀጠረበት ቀን፣ ዲሴምበር 7 ቀን 2022፣ በቴሌቪዥን ቀርበው ወረቀት የያዘ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ኮንግረሱን በትኛለሁ አሉ። ሁለት ካቢኔ አልተነፈገም ነበር። በራሳቸው ቆጠራ እንኳ ቢሆን አንድ ነው። ጦሩ አልተከተላቸውም። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ኮንግረሱ በ101 ድምፅ አወረዳቸው። ወደ ሜክሲኮ ኤምባሲ ሲሄዱ የገዛ አጃቢዎቻቸው መኪናውን አዙረው ለፖሊስ አስረከቧቸው። የሚገርመው፣ ብዙ ታዛቢዎች ያን ቀን 87 ድምፅ አይሞላም ብለው ነበር። ዝም ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ሊያድሩ ይችሉ ነበር።

ምክትላቸው ዲና ቦሉዋርቴ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ከዚያ በኋላ በተነሳው ተቃውሞ በተለይ በደቡቡ ተራራማ አገር 50 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። የቦሉዋርቴ ተቀባይነት በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ከ5 በመቶ በታች ወረደ። ሆኖም ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ቆዩ። ቪዝካራ በሕዝብ ተወደው ወደቁ፣ እሳቸው ተጠልተው ቆዩ። ምክንያቱ ያቺው 44 ናት። ኮንግረሱ ለጊዜው ይፈልጋቸው ነበር፤ እሳቸው ቢወርዱ ምርጫ ሊመጣበት ይችላል። ምርጫው ሲቃረብና በሊማ ቀማኞች ከአውቶቡስ ሾፌሩም ከሱቅ ባለቤቱም ገንዘብ እያስፈራሩ መቀበላቸው ሲብስ፣ መፈለጋቸው አበቃ። ኦክቶበር 10 ቀን 2025 ሌሊት ላይ ወረዱ። አንድም የተቃወመ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጡት የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት፣ የ38 ዓመቱ ሆሴ ሄሪ ናቸው። ከአንድ ቻይናዊ ነጋዴ ጋር በድብቅ ተገናኝተዋል ተባለና በፌብሩዋሪ 2026 ወረዱ። የእሳቸው አወራረድ ደግሞ አዲስ ነው። ወንበሩን ያገኙት በኮንግረስ ፕሬዚዳንትነታቸው ስለሆነ፣ ኮንግረሱ ያንን ሥልጣን በወቀሳ ድምፅ ነጠቃቸው። ለዚህ 87 አያስፈልግም። 75 ሰው ድምፅ ሰጠ፣ በቃ። የሕግ ሰዎች ተጨቃጨቁበት፤ እሳቸው ግን ሄደዋል። ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈው ሆሴ ማሪያ ባልካሳር ተተኩ።

ስለ እስር ቤቱ ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ሊማ ውስጥ በአንድ የፖሊስ ግቢ "ባርባዲዮ" የሚባል ትንሽ እስር ቤት አለ። ፉጂሞሪ፣ ከ2016 በፊት ፕሬዚዳንት የነበሩት አሌሃንድሮ ቶሌዶና ኦያንታ ኡማላ፣ እንዲሁም ካስቲዮ ሁሉም እዚያ ገብተዋል። ቶሌዶ ከኦዴብሬሽት በተቀበሉት ጉቦ ከ20 ዓመት በላይ ተፈርዶባቸዋል፤ ኡማላ 15 ዓመት። ፍርድ ቤቱ ይሠራል ማለት ነው፤ ቢሆንም የሚደርሰው ሰውዬው ከወረደ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አገሪቱ ለምን አልፈረሰችም? ትልቁ መልስ ማዕከላዊ ባንኩ ነው። በ1990 የፔሩ የዋጋ ንረት በዓመት ከ7,000 በመቶ በላይ ነበር። ጠዋት የተገዛ ዳቦ ማታ ሌላ ዋጋ ነው። ከዚያ የተማሩት ትምህርት ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ፤ ባንኩ ለመንግሥት ማበደር ተከለከለ። ፕሬዚዳንቱና ኮንግረሱ የቦርድ አባላቱን ተካፍለው ይሾማሉ እንጂ እንዳሻቸው አያዝዙትም። ሁሊዮ ቬላርዴ ባንኩን ከ2006 ጀምሮ እየመሩ ቀኝም ግራም መንግሥት ሲመጣ ቆይተዋል። ካስቲዮ እንኳ፣ በግራ ፓርቲ ተመርጠው፣ "እባክዎ ይቀጥሉ" ነው ያሉት። ፕሬዚዳንት በወደቀ ማግሥት ሶል የሚባለው ገንዘባቸው ብዙም አይደናገጥም። መዳቡም ወደ ወደብ መውረዱን ይቀጥላል።

አሁን ወደ ለውጡ። በ2018 ሕዝቡ ሁለት ምክር ቤት ይመለስ ወይ ተብሎ ተጠይቆ 90 በመቶ ገደማው አይሆንም ብሏል። የምክር ቤት አባላት ተከታትለው አይመረጡ የሚለውን ደግሞ በሰፊው ደግፏል። በማርች 2024 ኮንግረሱ ሁለቱንም ገለበጣቸው። ሕዝበ ውሳኔ አላስፈለገም፤ በሁለት ተከታታይ የኮንግረስ ጉባኤዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ካለ ሕገ መንግሥት ይሻሻላል። ያቺው 87! ፕሬዚዳንት ለመጠበቅ 44 የማይገኝበት ምክር ቤት፣ ለራሱ ሁለተኛ ዕድል ሲሆን 91 አገኘ።

ለውጡ እንዲሠራ የተወሰነው ከጁላይ 2026 ጀምሮ ነው። 60 ሴናተሮችና 130 ተወካዮች ይኖራሉ። ተወካዮቹ ሕግ ያመነጫሉ፣ ሚኒስትር ይጠይቃሉ። ሴኔቱ ሕጉን ያጸድቃል፣ ያሻሽላል ወይም መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ትላልቅ ሹመቶችም በሴኔቱ እጅ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ተወካዮቹን መበተን ይችላል፤ ሴኔቱን ግን በጭራሽ። በሐሳብ ደረጃ ሁለተኛ ቤት መኖሩ መልካም ነው፤ አንዱ የቸኮለበትን ሌላው ያያል። እኔ የምሰጋው ኃይሉ ሁሉ ወደማይበተነው ቤት መሰብሰቡን ነው። የፕሬዚዳንቱ ሽጉጥ በ2021 በወጣ ሕግ ቀድሞውኑ ጥይቱ ተቀንሷል፤ በምን ጉዳይ ላይ የመተማመኛ ጥያቄ ማቅረብ እንደሚችል ተገድቧል።

ለዚህ ሥርዓት የተጠራው ምርጫ ለኤፕሪል 12 ቀን 2026 ተቆረጠ፤ ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ ደግሞ ለጁን 7። ለፕሬዚዳንትነት ከ30 በላይ ዕጩዎች ቀረቡ። አንድ መራጭ 5 ጊዜ ይመርጣል፦ ፕሬዚዳንት፣ አገር አቀፍ ሴናተር፣ የአካባቢው ሴናተር፣ ተወካይ፣ ከዚያም የአንዲስ አገሮች የጋራ ፓርላማ አባል። ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ እንደ ጠረጴዛ ልብስ ይዘረጋል። ከ18 እስከ 70 ዓመት ላለ ዜጋ መምረጥ ግዴታ ነው፤ የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱም የሚኖርበት ወረዳ ድሃ ከሆነ ይቀንስለታል። ከ70 ያለፈው ግን ቤቱ ቢቀመጥ ማንም አይጠይቀውም።